የቀትር ፀሐይና የደጅ ካሜራ

ከድሬዳዋ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የሚጓዝ ሰው የሐረርጌን ደጋ ተራሮች በስተኋላው ትቶ ወደ ቆላው ሲወርድ የሚያገኛት ጀልዴሳ፣ ዛሬ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ከገጠር ቀበሌዎች እንደ አንዷ የምትቈጠር ትንሽ መንደር ትሁን እንጂ፣ ባቡር ሳይመጣና ድሬዳዋ ራሷ ሳትቈረቈር በፊት፣ ከዘይላ ወደብ ተነሥቶ ሐረር በሚዘልቀው የሲራራ መንገድ ላይ ግመል ጭነቱን የሚያራግፍባት፣ በቅሎና አህያም ተረክበው ወደ ደጋው የሚወጡባት፣ ቀረጥም የሚከፈልባት የታወቀች ኬላ ነበረች። ከ1868 ዓ.ም. ጀምሮ ሐረርን ይዘው የነበሩት ግብፆች ወታደር አስፍረውባት ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. ንጉሥ ምኒልክ ሐረርን ከያዙ በኋላም የኬላነት ክብሯ አልተጓደለም፤ ያጓደለው በ1895 ዓ.ም. የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ መጥቶ በድሬዳዋ ሜዳ ማረፉ ነው።

ይህ የሲራራ መንገድ ከባሕር ማዶ ወደ ሐረር ካስገባቸው ዕቃዎች አንዱ የፎቶግራፍ ማንሻ መሣሪያ ነበር። ባለቤቱም ቅኔውን ትቶ ቡናና ቆዳ ወደሚነግድበት ኑሮ የገባው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ በ1875 ዓ.ም. ሐረር ላይ የገዛ ራሱን ምስል በቤቱ ሰገነት ላይ፣ በቡና ተክልና በሙዝ ተክል መካከል ቆሞ ካነሣ በኋላ፣ ሚያዝያ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ለቤተ ሰቡ በላከው ደብዳቤ ምስሎቹ ሁሉ መንጣታቸውን ገልጦ፣ ጥፋቱን ሥዕሉን ባጠበበት መጥፎ ውሃ ላይ አሳቧል። እነሆ ከዚያ ዘመን ወዲህ ከ140 ዓመት በላይ ዐልፎ፣ በዚያው ምድር በሱቁና በመጋዘኑ ደጃፍ የደኅንነት ካሜራ የሰቀለ ነጋዴ፣ ዕቃው በጠፋበት ቀን የተቀዳውን ምስል ሲያስከፍት የሚያሰማው አቤቱታ ይኸው ነው፤ መንገዱ ነጥቶ፣ የሰውየው ፊት ጠቁሮ፣ የመኪናው ታርጋ በብርሃን ተውጦ ያገኘዋል። የሚያስገርመውም፣ ይኸው ካሜራ በሌሊት ያነሣው ምስል፣ ቀለም የለሽ ይሁን እንጂ፣ በቀትር ካነሣው ይልቅ ብዙ ጊዜ ጥርት ብሎ መገኘቱ ነው። ባለቤቱ ካሜራው ተራ ስለ ሆነ ነው ብሎ ያዝናል፤ የሸጠለት ሰው ደግሞ ፀሐዩ ስለ በዛ ነው ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ከእውነቱ ጥቂት ብቻ ይዘዋል፤ ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣንም ብዙ ሰው ገንዘቡን አፍስሶ ያቆመው ዘበኛ በሚፈለግበት ሰዓት ዕውር ሆኖ መገኘቱ ነው።

ካሜራን የሚያስቸግረው በአንድ ምስል ውስጥ አብረው የሚገቡት የብርሃንና የጥላ ርቀት መሆኑን አስቀድሞ መረዳት ያስፈልጋል። በቀትር ከደመና ነጻ ከሆነ ሰማይ የሚወርደው የፀሐይ ብርሃን፣ ሊቃውንት ሉክስ በሚሉት መለኪያ ሲመዘን ወደ 100,000 ይጠጋል፤ በሩ በተከፈተ መጋዘን ውስጥ፣ ከደጁ ጥቂት ሜትር ገባ ሲሉ፣ ከ200 ላይበልጥ ይችላል። ይህ ብቻ 500 እጥፍ ልዩነት ነው። በዚህ ላይ በኖራ የተለሰነ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 ያህሉን ሲመልስ፣ ጥቁር ልብስ ግን ከመቶ 4 ያህሉን ብቻ የሚመልስ ስለ ሆነ፣ በደጅ የበራው ነጭ ግድግዳና በውስጥ የቆመው ጥቁር ለባሽ ሰው በአንድ ምስል ሲገናኙ ልዩነቱ 10,000 እጥፍ ይሆናል። የሰው ዐይን ይህን ችሎ ያልፈዋል፤ ምክንያቱም ብሌኑን በማጥበብና በማስፋት ብቻ የሚገባውን ብርሃን 16 እጥፍ ያህል ይለዋውጣል፤ የቀረውን ሥራ በዐይን ውስጥ ያለው ረቂቅ ሽፋንና አእምሮ ተጋግዘው ይፈጽሙታል፤ ደግሞም ዐይን አንዱን ስፍራ ካየ በኋላ ወደ ሌላው እየዞረ ልኩን በየቅጽበቱ ያስተካክላል። ካሜራ ግን ለመላው ምስል በአንድ ጊዜ አንድ ልክ መምረጥ አለበት፤ ተራው ካሜራ ደግሞ በአንድ ልክ የሚይዘው ልዩነት ከ1,000 እስከ 3,000 እጥፍ ያህል ብቻ ነው።

እንዲህ የሚሆነው በካሜራው ውስጥ ብርሃን ተቀባይ በሆነው ሴንሰር የተነሣ ነው። ሴንሰር ማለት ሚሊዮን በሚቈጠሩ ደቃቃ ጕድጓዶች የተሠራ የሲሊኮን ገበታ ሲሆን፣ እያንዳንዱ ጕድጓድ በሚያርፍበት ብርሃን ልክ ኤሌክትሮን ያጠራቅማል። በዝናብ ሜዳ ላይ የተደረደሩ ጣሳዎችን ማሰብ ይቻላል፤ ጣሳው እስኪሞላ ድረስ የውሃው ከፍታ የዝናቡን መጠን ይናገራል፤ ከሞላ በኋላ ግን ካፊያም ይዝነብ ዶፍ፣ ጣሳው ሙሉ ነው ከማለት በቀር የሚናገረው የለውም። በተለመደው የምስል አጻጻፍ እያንዳንዱ ነጥብ ከ0 እስከ 255 ባለ ቍጥር ይመዘገባልና፣ የሞላው ጕድጓድ 255 ተብሎ ይጻፋል፤ ጎረቤቱም 255፣ የጎረቤቱም ጎረቤት 255 ይሆንና፣ አፍንጫና ጉንጭ፣ ፊደልና ቍጥር የነበረበት ስፍራ አንድ ወጥ ነጭ ይሆናል። ስለዚህ የተቀዳውን ምስል በቴሌቪዥኑ ላይ ብርሃኑን ዝቅ አድርጎ ፊት ለማውጣት መድከም ነጩን ግራጫ ከማድረግ በቀር የሚያስገኘው ጥቅም የለም፤ ያልተመዘገበውን ነገር በኋላ ሊፈጥረው የሚችል ሙያ አይገኝም። ጥላው ውስጥ የጠፋው ጥቂት ሊመለስ ይችላል፤ በብርሃን የተቃጠለው አይመለስም።

ልኩን የሚመርጠው የካሜራው ውስጣዊ ሥርዐት የመላውን ምስል አማካይ ብርሃን አይቶ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ፤ ካሜራው ሰፊ ሥፍራ እንዲያይ በማለት ቀና አድርገው ይሰቅሉታል፤ የምስሉ እኩሌታ ሰማይ ይሆናል፤ ካሜራውም በሰማዩ ብሩህነት ተታልሎ የብርሃኑን መግቢያ ሲያጠብ፣ ከታች የሚያልፈው ሰው የጥላ አምሳል ብቻ ሆኖ ይቀራል። ሰማይን ማንም አይሰርቀውምና ከምስሉ ውስጥ ማስወጣት ይገባል። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ማዘንበል፣ በመቈጣጠሪያውም ሴቲንግ ውስጥ ልኩ የሚመረጥበትን ሥፍራ በበሩና በመተላለፊያው ላይ መወሰን፣ አንድ ሳንቲም ሳያስወጣ የምስሉን ጠባይ የሚለውጥ ሥራ ነው።

በዚህ ጊዜ የሚነሣው ካሜራ ገጣሚዎች ደብሊው ዲ አር የሚሉት ዘዴ ነው። ካሜራው በአንድ ምስል ፈንታ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ምስሎችን በተከታታይ ያነሣል፤ አንዱን ለአጭር ቅጽበት፣ ይህም የበራውን ስፍራ ሳይሞላ እንዲያሳይ፣ ሌላውን ለረዘመ ቅጽበት፣ ይህም ጥላውን እንዲያበራ፤ ከዚያም ከየምስሉ ደኅና ደኅናውን መርጦ አንድ ያደርጋቸዋል። በካርቶኑ ላይ 120 ዴሲቤል የሚል የተጻፈበት ካሜራ ሚሊዮን እጥፍ ልዩነት እይዛለሁ ማለቱ ነው፤ በተግባር ሙሉውን ባያደርስም፣ በመጋዘን በር ላይ ከተራው ካሜራ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ በግልጥ ይታያል። ነገር ግን ይህ ጥበብ የራሱ ዕዳ አለው። ሁለቱ ምስሎች የተነሡት በአንድ ቅጽበት ስላልሆነ፣ የሚሮጥ ሰው በአንዱ ምስል እዚህ፣ በሁለተኛው እዚያ ሆኖ ይገኝና፣ በተዋሐደው ምስል ላይ ጠርዙ ተደርቦ ይታያል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባጃጅ በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ካሜራው በሰከንድ አንድ ሃያ አምስተኛ ቢያየው 44 ሳንቲ ሜትር ተንቀሳቅሶ ይደበዝዛል፤ በአንድ ሺኛ ቢያየው ግን ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙ አይዘልም። ስለዚህ በሩን ለሚጠብቅ ካሜራ ይህን ዘዴ መክፈት መልካም ሲሆን፣ የተሽከርካሪ ታርጋ ለማንበብ መንገድ ላይ ለተተከለው ግን መዝጋቱና ቅጽበቱን ማሳጠሩ ይሻላል። የቀትሩም ብርሃን እዚህ ላይ ረዳት ይሆናል፤ ቅጽበትን ለማሳጠር የሚያስፈልገው ብርሃን በድሬዳዋ ሞልቶ ተርፏልና።

አሁን ወደ ሰማዩ እንመለስ፤ የዚህ ነገር ቍልፍ ያለው እዚያ ነውና። በአውሮፓ የሚታተሙ የካሜራ መመሪያዎች ካሜራን ወደ ሰሜን ማዞርን ይመክራሉ፤ በእነርሱ አገር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በቀትር በስተደቡብ ስለምትቆም ምክሩ ለእነርሱ ትክክል ነው። ጀልዴሳ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ ያለች ስለ ሆነች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንትና በነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ፣ በቀትር በቀጥታ በራሷ ላይ ትቆማለች፤ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ባሉት ወራት የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን፣ በቀሩት ወራት በስተደቡብ ትውላለች። ዝቅ በምትልበት በታኅሣሥ እንኳ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 57 ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ ትታያለች፤ በሰኔ ደግሞ 76 ዲግሪ ትደርሳለች። ከዚህ የሚገኘው ፍርድ ግልጥ ነው፤ በዚህ አገር ወደ ሰሜንም ሆነ ወደ ደቡብ የዞረ፣ ዝቅ ብሎ የተዘነበለና ትንሽ ጥላ የተበጀለት ካሜራ የቀትር ፀሐይን ፊት ለፊት አያይም። የሚያጠቃው ምሥራቅና ምዕራብ ነው። ነግህ ፀሐይ ከወጣችበት እስከ 3 ሰዓት፣ ሠርክም ከ10 ሰዓት እስከ መጥለቂያዋ፣ ዝቅ ብላ ወደ ሌንሱ ትገባለች፤ የምትወጣበትና የምትጠልቅበትም ስፍራ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ከትክክለኛው ምሥራቅና ምዕራብ ግራና ቀኝ 24 ዲግሪ ያህል ስለሚወዛወዝ፣ በጥቅምት የተሰቀለና ደኅና የነበረ ካሜራ በሰኔ ሊታወር ይችላል። ይህንን ሳያውቁ ካሜራው ተበላሸ ብለው የለወጡ ሰዎች አዲሱም ያንኑ ሲያደርግ ይገረማሉ።

የቀትር ፀሐይ ወደ ሌንሱ ባትገባም በሌላ መንገድ ትጎዳለች። ከራስ በላይ የሚወርድ ብርሃን የባርኔጣውን፣ የሻሹንና የግንባሩን ጥላ በዐይንና በአፍንጫ ላይ ይጥላል፤ በዚህ ላይ ካሜራው 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ከተሰቀለ የሚያየው የራስ ዐናትን ብቻ ነው። ፊት ለማየት የሚፈለግበት ካሜራ፣ ለእጅ የማይደርስ ቢሆን እንኳ፣ ከ3 ሜትር ብዙ ከፍ ባይል ይመረጣል። ከመሬት የሚመለሰውም ብርሃን አይናቅም፤ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ፣ አዲስ ቆርቆሮ፣ የነጣ የግንብ አጥር የፀሐይን ጸዳል መልሰው ወደ ሌንሱ ይወረውራሉ። በድሬዳዋው የከዚራ ሰፈር ደግሞ የባቡሩ ዘመን ሰዎች የተከሏቸው ታላላቅ ዛፎች ለመንገደኛ በረከት የሆኑትን ያህል ለካሜራ ፈተና ናቸው፤ በቅጠሉ መካከል የሚሾልከው ብርሃን መንገዱን በጥላና በብርሃን ዥጕርጕር ያደርገዋልና፣ የሚያልፈው ሰው በየርምጃው አንዴ ይነጣል፣ አንዴ ይጠቁራል። እንዲህ ባለው ስፍራ ካሜራውን ሙሉ ጥላ ወደ ሆነው ደጃፍ ማዞር ከማናቸውም ሴቲንግ ይበልጣል።

ከብርሃኑ ባሕርይ የሚነሣ ሌላም ችግር አለ። የሲሊኮን ሴንሰር የሰው ዐይን የማያየውን ኢንፍራሬድ የተባለውን ጨረር ያያል፤ ለሌሊት እይታ የሚረዳው ይኸው ነው። በቀን ግን ይህ ጨረር ከፀሐይ እጅግ በዝቶ ስለሚመጣና ኅብረ ቀለሙን ስለሚያፋልስ፣ ከሴንሰሩ ፊት የሚከለክለው ስስ መስተዋት ይጋረዳል፤ ጀምበር ስትጠልቅ ትንሽ ሞተር መስተዋቱን ታነሣለች፣ ሲነጋ ትመልሳለች። አቧራና ሙቀት ይህችን ሞተር ሲያስቸግራት መስተዋቱ በሌሊቱ ስፍራው ተጣብቆ ይቀርና፣ በቀኑ ምስል ዛፉ ወደ ነጭነት ወይም ወደ ሐምራዊነት ያደላል፤ ጥቁሩ ኮት ቀይ ዳማ ይመስላል። ምስሉ እንዲህ የሆነበት ሰው ሌላውን ሁሉ ትቶ ይህን ያስመርምር። ተጠርጣሪው ቀይ ልብስ ለብሶ ነበር ብሎ በዚህ ዓይነት ምስል የሚመሰክርም ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችል ይታያል።

ስለ አቧራ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ድሬዳዋን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን ጥላ ሥር ሳለ የማይታየው በሌንሱ ላይ ያለ የአቧራ ሽፋን፣ ፀሐይ በወረደበት ሰዓት እያንዳንዱ ቅንጣቱ ብርሃኑን በትኖ መላውን ምስል ጭጋግ ያለብሰዋል፤ ሆኖም ከችግሮቹ ሁሉ በርካሽ የሚፈወሰው ይኸኛው ነው። በደረቅ ጨርቅ መፈተግ ግን የሌንሱን መሸፈኛ ፕላስቲክ ይጭረዋል፤ ጭረቱም ከአቧራው ይብሳል። ውሃውም ይመረጥ፤ ኢትዮጵያ የመጀመሪያዋን የሲሚንቶ ፋብሪካ በድሬዳዋ ያገኘችበት ያው የኖራ ድንጋይ ከተማይቱ ከመሬት በምትቀዳው ውሃ ውስጥም ሟሙቶ ይገኛልና፣ በቧንቧ ውሃ ታጥቦ ሳይወለወል በፀሐይ የደረቀ ሌንስ ነጭ ነጠብጣብ ይዞ ይቀራል። የዝናብ ወይም የተጣራ ውሃና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃል። ራምቦ በውሃው ላይ ያቀረበው ክስ በእኛ ዘመን እንዲህ ባለ መልክ መመለሱ ይደንቃል።

ሙቀቱስ? በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ አየር ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ ፀሐይ የሚመታው የካሜራ ቀፎ ከአየሩ በላይ ይግላል። የሴንሰሩ ሙቀት ከ6 እስከ 8 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ብርሃን ሳይነካው በራሱ የሚያመነጨው የሐሰት ኤሌክትሮን በእጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ይህም በጥላው ስፍራ የሚንሸራሸር ነጥብ ሆኖ ይታያል። ነጭ ቀፎና ከላዩ ትንሽ የቆርቆሮ ጥላ ማድረግ ይህንንም፣ የሌንሱንም ነጸብራቅ በአንድነት ያቃልላል። ሌንስን ወደ ፀሐይ አንጋጦ መተው ደግሞ ለጊዜው ምስል ከማጥፋት አልፎ በቀሪ ዘመኑ ሊጎዳው እንደሚችል ዓለም ከተማረበት አጋጣሚ አንዱ የኅዳር 1962 ዓ.ም. የአፖሎ 12 ጉዞ ነው፤ ጠፈርተኛው አለን ቢን በጨረቃ ላይ ባለ ቀለሙን የቴሌቪዥን ካሜራ ወደ ማቆሚያው ሲያዛውር ሌንሱ ወደ ፀሐይ በመዞሩ ብርሃን ተቀባይ ቱቦው ተቃጠለ፤ የዓለም ሕዝብም የቀረውን የጨረቃ ላይ ሥራ በዐይኑ ሳያይ ቀረ። የዛሬዎቹ ሴንሰሮች ከዚያ ቱቦ ይልቅ ጽኑዓን ናቸው፤ በእያንዳንዱ ጕድጓድ ላይ ያለው የቀለም ሽፋን ግን ለዓመታት ፀሐይን ፊት ለፊት ሲያይ ይደክማል።

ገበያ የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ ትቶ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ስንት ሜጋ ፒክስል ነው ይላል። በአንድ ዓይነት ስፋት ባለው ሴንሰር ላይ 2 ሚሊዮን ጕድጓድ የነበረው 8 ሚሊዮን ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ጕድጓድ ስፋት ሩብ ይሆናል፤ የሚይዘውም ኤሌክትሮን ያንኑ ያህል ያንሳል። በጥላና በብርሃን መካከል ለሚቆም ካሜራ ይህ መጨመር ሳይሆን መቀነስ ሊሆን ይችላል። የነጥብ ብዛት የሚጠቅመው ለርቀት ነው፤ በአውሮፓ በተሠራበት መመዘኛ የማይታወቅን ሰው በማያጠራጥር ሁኔታ ለመለየት በአንድ ሜትር ስፋት 250 ነጥብ ያስፈልጋልና፣ በወርዱ 1,920 ነጥብ ያለው ባለ 2 ሜጋ ፒክስል ካሜራ ከ7 ሜትር ተኩል በላይ የሚሰፋን ስፍራ ሲያይ ፊት ለመለየት አይበቃም። ለአንድ ደጃፍ ይህ ይተርፋል። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ብዙ ነጥብ ካለው አንድ ካሜራ ይልቅ፣ ትልቅ ሴንሰር ያላቸውን ሁለት ካሜራዎች ገዝቶ አንዱን ለበሩ፣ ሌላውን ለግቢው ቢያደርግ እንደሚሻል እናምናለን።

ይህን ሁሉ በዝርዝር የጻፍነው ለምስሉ ውበት ተጨንቀን አይደለም። የደኅንነት ካሜራ ምስል በፖሊስ ጣቢያና በፍርድ ቤት ፊት ሊቀርብ የሚችል ምስክር ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህም የሌላውን ሰው ምስል መያዝ ኃላፊነት ያለበት ሥራ ሆኗል። ፊቱ በጥላ የጠፋ፣ ልብሱ በተጣበቀ መስተዋት ምክንያት ቀለሙን የለወጠ ሰው፣ በቁመቱና በአካሄዱ ብቻ እርሱ ነው ተብሎ ቢያዝ፣ ያጠፋው ያመልጣል፣ ንጹሑ ይቀጣል። እንዲህ ያለውን ምስል የያዘ ባለሱቅ በጎረቤቱ ልጅ ላይ ጣቱን ከመቀሰሩ በፊት ምስሉን ካሜራ ለሚያውቅ ሰው አሳይቶ ምን እንደሚናገርና ምን እንደማይናገር ይጠይቅ ዘንድ እንለምነዋለን።

ካሜራ ለማስገጠም ለተዘጋጀውም አንባቢ የምንለው ይህ ነው። ገጣሚው ሥራውን ጨርሶ ምስሉን የሚያሳይህ አብዛኛውን ጊዜ በተመቸው ሰዓት ነው፤ አንተ ግን ከጧቱ 1 ሰዓት ተኩል፣ በቀትር 6 ሰዓት፣ ማታም 11 ሰዓት ላይ አንድ ሰው በበሩ እንዲገባና እንዲወጣ አድርገህ የተቀዳውን አስከፍተህ ተመልከት። የገባውን ሰው ፊት በሦስቱም ሰዓት ለይተህ ካላየህ፣ ካሜራው እንዲዞር፣ ዝቅ እንዲል ወይም ጥላ እንዲበጅለት አድርግ፤ የመጨረሻውንም ክፍያ እስከዚያ ድረስ አቆይ።